መቀስ ጥርሶቹን ያዳነባቸው ስድስት ሳምንታት

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። ቅንጣት ውሸት ቢገኝበት የሚያወራው ምላስ እንደ በጋ ቅጠል ይድረቅ፤ የሚጽፈው እጅ እርሳስ ማንሳት ይቃተው። ሰው ሲያወራ ይጨምራል ይባላል። እዚህ የተጨመረ የለም፤ እንዲያውም ሰሚው እንዳይደነግጥ ተብሎ የተቀነሰው ይበዛል። ይህም አልበቃ ላለው ምስክር አለች፤ የባለታሪኩ ሚስት። ከነገሩ አንዲት ቀን አልተለየችም። ሱቁ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ስትተክል ትውላለችና ሄዶ መጠየቅ ነው።

ባለታሪኩ ልብስ ሰፊ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከራሷ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ መንገዱ ሁሉ የሚያውቀው መቀስ በሚለው ቅጽል ነው። ምክንያቱም በሠላሳ ዓመት ሥራው አንድም ቀን ክር በመቀስ ቆርጦ አያውቅም። ክሩን ወደ አፉ ያስጠጋዋል፣ ሁለቱ የላይኛ የፊት ጥርሶቹ ያገኙታል፣ ቀጭ ይላል፣ አለቀ። ድምፁ ሦስት ሱቅ አልፎ ይሰማል። ሌላው ሰፊ መቀሱን ከጨርቅ ክምር ውስጥ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ መቀስ ሁለት ሱሪ ጨርሶ አንዱን ለብሶት ይወጣል። አንድ ጊዜ የአውቶቡስ ወንበር የሚሰፋበትን ክር፣ ያንን ገመድ የሚያህለውን፣ ዓይኑን ሳያሽ በጥሶታል። በስፌት ሥራ ጥርሱን የነቀለ ሲሉት ግን ይቆጣል። «አልነቀልኩም፤ ሁለቱም አፌ ውስጥ ናቸው» ይላል።

ነገሩ የጀመረው በነጭ ሸሚዝ ነው። አንድ ሆቴል ለአስተናጋጆቹ ሃያ ነጭ ሸሚዝ አዞት፣ አሥራ ስድስተኛው ኮሌታ ላይ ክሩን ቀጭ ሲያደርግ ነጩ ጨርቅ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየ። መርፌ ወግቶኝ ነው ብሎ አሥሩንም ጣቶቹን አንድ በአንድ መረመረ። ሁሉም ደህና ናቸው። ሚስቱ ኮሌታውን ነጥቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከረችና ጣትህን ተወው፣ አፍህን ክፈት አለችው። ደንበኛ ልብስ ለክቶ ራሱን የሚያይበት መስታወት ፊት አቆመችው።

መቀስ ያየውን ማመን አቃተው። ድዱ ሮዝ መሆኑ ቀርቶ የተቀቀለ ቀይ ሥር መስሏል፤ በሁለቱ የፊት ጥርሶች ዙሪያ አብጦ ተኮፍሷል። ጥርሶቹን በምላሱ ገፋ ሲያደርጋቸው እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ወዲህ ወዲያ አሉ።

የተደበቀ ነገር አልነበረም። ከሦስት ወር በፊት ጥርሱን ሲቦርሽ ደም አይቶ ነበር። የቆሰለ ነገር ማረፍ አለበት ብሎ ብሩሹን አስቀመጠው። ዕረፍቱ ፈቃድ ሆነ፣ ፈቃዱ ጡረታ ሆነ፣ ብሩሹም በመታጠቢያው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቀረ። በእሱ ቤት ለድዱ ማዘኑ ነበር።

በማግሥቱ ሚስቱ እየጎተተች የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጣቶቿ ቀጫጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። መቀስን ወንበሩ ላይ አንጋለለችና በቀጭን ብረት የድዱን ጥልቀት እየለካች ለረዳቷ ቁጥር ትጠራ ጀመር፤ አራት፣ አምስት፣ አምስት፣ ስድስት። መቀስ ልኬት ሲጠራ ዝም ማለት አይችልም። አፉ እንደተከፈተ በሴንቲ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። በሚሊ ሜትር ነው አለችው። ድዱ ከጥርሱ ተላቆ በመሃል ኪስ መሥራቱን፣ ቆሻሻው እዚያ ኪስ ውስጥ እየተጠራቀመ ሥሩን እያላቀቀው መሆኑን አስረዳችው። መቀስ ገባው። ኪስ ካለ ዕቃ ይገባበታል፤ ዕቃ ሲበዛበት ደግሞ ስፌቱ ይለቃል። ይህን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ሐኪሟ የደነደነውን ቆሻሻ ፍቃ አነሳችለትና ፍርዷን ሰጠች። ስድስት ሳምንት። በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ብሩሽ፣ ማታ ማታ ደግሞ በጥርሶቹ መሃል በጥርስ ክር። በስድስተኛው ሳምንት ተመልሶ ይለካል። ድዱ ከያዘ ያዘ፤ ካልያዘ ሁለቱ ጥርሶች ይነቀላሉ።

«ዶክተር፣ ሲነካ እኮ ነው የሚደማው» አለ መቀስ።

«ጋሼ፣ የሚደማው ስለተነካ አይደለም፤ ስላልተነካ ነው» አለችው። «ያምዎታል። እያመመዎትም ቢሆን በቀስታ ያጽዱት። ሌላው፣ ከዛሬ ጀምሮ ክር በጥርስ መቁረጥ የለም።»

መቀስ ከወንበሩ ቀና አለ። ክር በጥርስ ካልቆረጠ ታዲያ በምን ሊቆርጥ ነው? ሐኪሟ ጥያቄው አልገባትም። በመቀስ ነዋ አለችው። ሚስቱ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ጥርሶች በምላሱ እየዳሰሰ ተመለሰ። ሱሪ የሚሰፋ ሞልቷል፤ ኮት የሚሰፋም አይጠፋም። በጥርሱ የሚታወቅ ግን እሱ ብቻ ነው። ከተነቀሉ ማን ሊሆን ነው? ጎረቤቱ፣ ያ ምላሱ ከካውያው የሚተኩሰው ልብስ ተኳሽ፣ በማግሥቱ ደነዝ ብሎ እንደሚጠራው አልጠፋውም። ስለዚህ እዚያው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ማለ፤ ሁለቱም ጥርሶች አፉ ውስጥ ይቆያሉ።

ሐኪሟ በትንሽ ሣጥን ቀጭን የጥርስ ክር ሰጥታው ነበር። መቀስ ከፍቶ አየውና በአፍንጫው ሳቀ። ክር? ለእሱ? ለልብስ ሰፊ ክር መስጠት ለዓሣ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ሣጥኗን ወደ ጎን ብሎ ከመደርደሪያው ላይ ምርጡን ወሰደ፤ ጂንስ የሚሰፋበትን ቡናማ ክር። ጂንስን የያዘ ክር ጥርስን አይፈራም። መታጠቢያው መስታወት ፊት ቆሞ፣ ክሩን በሁለት እጁ ወጥሮ፣ በሁለቱ ጥርሶች መሃል አስገብቶ እንደ መጋዝ ገዘገዘው። ክሩ መጀመሪያ አልገባ አለ። ከዚያ ደግሞ አንድ ጊዜ ዘው ብሎ ገባና ድዱ ላይ አረፈ።

ያን ቀን የወጣው ጩኸት ሊጻፍ አይችልም፤ የሚጽፈው ፊደል ገና አልተቀረጸም። በጣሪያው ላይ የነበሩት እርግቦች ተነሥተው ሁለት ቀን አልተመለሱም። አንድ አውቶቡስ ፌርማታ በሌለበት ቆሟል። ተኳሹ ደንግጦ ካውያውን የሰው ሱሪ ላይ ትቶ ሮጠ፤ የካውያው ቅርጽ ሱሪው መቀመጫ ላይ ቀረ። ሲደርስ መቀስ አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ቡናማው ክር በጥርሶቹ መሃል ተቀርቅሮ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል።

«ጋሽ መቀስ፣ አፍህን ልትሰፋው ነው እንዴ?» አለ ተኳሹ። «ቀድመህ ብትነግረን ሰፈሩ ተባብሮ ክር ይገዛልህ ነበር።»

ሚስቱ ክሩን በመቀስ ቆርጣ አወጣችለት። መቀስ በገዛ ቤቱ፣ በገዛ አፉ፣ መቀስ ሲገባበት ያ የመጀመሪያው ነበር።

በማግሥቱ ድዱ እንደ ትራስ አበጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉንም ነገር ትቶ ይቀመጥ ነበር። መቀስ ግን ከብረት የተሠራ ነው። ያመመው ሕመም እኮ ተራ ሕመም አይደለም፤ ለሰባት ሰው ቢካፈል ሰባቱም ሥራ አይገቡም። እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ሊባል አይችልም እንጂ ሌላ ነገሩን ሁሉ ነክሶ ቻለው።

መላው የመጣለት ሱቅ ሊዘጋ ሲል ነው። መቀስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር አዛብቶ አያውቅም። ማታ ማታ የስፌት መኪናውን ሳያጸዳ አይሸፍናትም። ጨርቁን ወደፊት የሚገፋው ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት አለ፤ በእሱ መሃል የሚሰገሰገውን ብናኝና የክር ቁርጥራጭ በትንሽ ብሩሽ ጠርጎ ያወጣል፣ ጠብታ ዘይት ያደርግላታል፣ ከዚያ ሽፋኗን ያለብሳታል። ታሞ እንኳ አስቀርቶ አያውቅም። ያን ማታ ብሩሹን እንደያዘ እጁ ቆመ። ሠላሳ ዓመት የመኪና ጥርስ ሲያጸዳ ኖሮ የራሱን ጡረታ አውጥቷል። ማንም ሳይነግረው፣ ማንም ሳይመክረው፣ በራሱ ጭንቅላት ብቻ ደረሰበት። የጥርስ ብሩሹንና ያቺን ትንሽ ሣጥን አምጥቶ ከመኪናው ብሩሽ አጠገብ፣ አንድ ብርጭቆ ውስጥ አደረጋቸውና ሕግ አወጣ፤ የእሱ አፍ ሳይጸዳ መኪናዋ አትሸፈንም። መኪናዋ ካልተሸፈነች ደግሞ ሱቁ አይዘጋም፤ ሱቁ ካልተዘጋ እራት የለም። ጠዋትም እንዲሁ፤ አፉ ሳይጸዳ ሽፋኗ አይነሣም።

በሁለተኛው ቀን ከተኳሹ ጋር እየተከራከረ ያልሆነውን ብሩሽ አነሣ። ሠላሳ ዓመት ዘይት የጠጣውን። አፉ ውስጥ ካሽከረከረው በኋላ ነው ጣዕሙ የደረሰው። ተኳሹ ግድግዳ ተደግፎ ከሳቀ በኋላ ቢያንስ አሁን መንጋጋህ ሳይንቋቋ ታወራለህ አለው። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ የጥርስ ብሩሹ እጀታ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረችበት።

ስለ አያያዙም ቢሆን መቀስ የሐኪሟን ትምህርት በሙያው ተርጉሞ አሻሻለው። ብሩሹ ጠመኔ ነው፤ ጨርቅ ላይ ሲያሰምሩ እንደሚይዙት፣ በሁለት ጣት፣ ሳይጫኑ። ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል ይደረግና ትንንሽ ክብ ይሠራል። ክሩ ደግሞ መጋዝ አይደለም። ኮሌታ ሲዞር እጅ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ጥርሱን ያቅፈዋል፣ ቀስ ብሎ ወደ ድዱ ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ኮሌታን ጎትቶ ያዞረ ሰፊ የለም። መቀስ ይህን ባወቀ ጊዜ መስታወቱ ፊት ብቻውን ሳቀ።

በየማታው ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ የመቁረጫው ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተፋው ቀይ ነበር፤ ሃያውንም ሸሚዞች መንከር ይቻል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሮዝ ሆነ። ሕመሙ ከሰባት ሰው ወደ አራት ሰው፣ ከአራት ወደ ሁለት ወረደ። አንዳንድ ማታ ዛሬን ብተወው የሚል ሐሳብ ይመጣበትና የፊት ጥርሱን በምላሱ ይገፋዋል። ትናንት እንደተንቀሳቀሰው አይንቀሳቀስም። ወይስ መስሎት ነው? ደግሞ ይገፋዋል። ብሩሹን ያነሣል።

በአሥራ ሰባተኛው መስመር ማታ ክሩን በሁሉም ጥርሶች መሃል አሳልፎ፣ ቦርሾ፣ ተጉመጥምጦ ተፋ። አየ። ዓይኑን አሸ። ሚስቱን ጠራ። ነጭ ነው። የቀይ ዘር የለበትም። ክሩን ብርሃን ላይ ዘርግቶ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው፤ እሱም ነጭ ነው።

መቀስ ክሩን እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጎ ወደ መንገዱ ወጣ። ሥራ የዋሉ ሰዎች ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት ሰዓት ነው። ሁሉንም አስቁሞ አሳየ። ሾፌሮች በመስኮት አንገታቸውን አወጡ፣ ባለሱቆች መዝጊያቸውን ግማሽ ላይ ትተው መጡ፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቀፉ። አንዲት አሮጊት እንዲህ ያለ ንጹሕ ክር በዕድሜዬ አላየሁም ብለው መረቁት። ተኳሹ እንኳ፣ ያ ምላሰኛ፣ ክሩን በሁለት ጣቱ ይዞ አገላብጦ አየና ነጭ ነው ብሎ መሰከረ። መንገዱ የተከፈተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው።

ያን ማታ ሚስቱ ትንሽ መቀስ በጥቁር ጥብጣብ አድርጋ አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። መቀስ አልተቃወመም። ክሩን በእሷ ቆረጠ፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ትቆርጣለች።

አርባ ሁለቱ መስመሮች እንዳለቁ ወደ ሐኪሟ ሄደ። ወንበሩ ላይ ተንጋልሎ ሁለቱን ጥርሶች ለመጨረሻ ጊዜ በምላሱ ነካቸው። ሐኪሟ ብረቷን አስገብታ መጥራት ጀመረች፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ረዳቷ መጻፏን አቁማ ደግመሽ ንገሪኝ አለች። ሐኪሟ ጥርሶቹን በጣቷ ያዘች፤ ቀኙን ገፋችው፣ ግራውን ገፋችው፤ አለት ናቸው። ጓደኞቿን ከየክፍሉ ጠራች፤ ስድስት ነጭ ለባሾች ተሰልፈው የመቀስን አፍ ጎበኙ። ከመካከላቸው ሽበታሙ ባርኔጣ ባያደርግም ሊያወልቅ እጁን ወደ ራሱ ሰደደ። ሁለቱም ጥርሶች ተርፈዋል። ዛሬም እዚያው ናቸው። ልብ ብሎ ያየ ሰው ግራው ከቀኙ ነጣ እንደሚል ያስተውላል፤ እሱ ከመቦረሹ ብዛት ነው።

ይህን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳይጎድልበት፣ ባለፈው ሳምንት ቀሚሷን ልታሳጥር ለመጣች መምህርት ነገራት። መምህርቷ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ነበር የገባችው። ድዷ እንደሚያማት፣ ሲቦረሽ ስለሚደማ ከሁለት ወር ወዲህ እንደተወችው፣ ከፊት ያለው አንዱ ጥርሷም ሰሞኑን የሚነቃነቅ እንደመሰላት ተናገረች። መቀስ የቀሚሱን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ እየያዘ እርግቦቹንም አውቶቡሱንም ሽበታሙንም አመጣላት፤ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ ሳይፈራ፣ ሳያዛባ፣ ብቻውን እንደተወጣው አስረዳት። ጠረጴዛው ላይ ሳይጠፋ የቀረውን የጠመኔ መስመር እንኳ አሳያት። ከዚያ አፉን ከፍቶ ሁለቱን ጥርሶች አበራላት።

መምህርቷ ፊቷ ጠወለገ። እኔ እንደ እርስዎ ቆራጥ አይደለሁም ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነስ አልችለውም አለች። ቀሚሷን ሰብስባ ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ሴት ዞረች።

«እውነት ነው እትዬ? እንዲህ ነበር?»

ሚስቱ ከቁልፉ ላይ ዓይኗን አላነሣችም። መርፌዋን አሳልፋ ሳበች።

«ተኳሹ ሱሪውን ያቃጠለው ስልክ ሲያወራ ነው» አለች ቀስ ብላ። «መንገድ ላይም የወጣ ሰው የለም። ነጩን ያየነው እኔና እሱ ነን።»

መቀስ ጉሮሮውን ጠረገ። አልቆመችለትም።

«ያን ስድስት ሳምንት ብሩሹን ቧንቧ ሥር እያራሰ መልሶ ብርጭቆው ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ያመኛል ማለት አፈረ። መስመሩን ግን በየማታው ያሰምራል፤ እኔም መስመሩን እያየሁ አመንኩት። ነጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጭንቅላቱን ጉልበቴ ላይ አድርጎ፣ ክሩን እኔ እያስገባሁለት። ያለቅስ ነበር። ስምንት ወር ፈጀብን።»

«ጥርሶቹ ግን ተርፈዋል» አለች መምህርቷ።

«የቀኙ የራሱ ነው።» ሴትየዋ ክሩን ቋጠረችና እጇን ወደ ባሏ ዘረጋች፤ መቀስ አንገቱ ላይ ያለችውን መቀስ አውልቆ ሰጣት። ቆረጠች። «የግራው ተነቅሎ በሰው ሠራሽ የተተካ ነው፤ ለዚያ ነው የሚነጣው። አንቺ ዛሬ ማታ ጀምሪ፣ እህቴ።»